የአሻራ ማንሻው ሻንጣ፦ ዱቄቱ ያኮራል፣ ጥጡ ያሳፍራል

ክዳኑ ላይ «የጣት አሻራና የንክኪ ዲ ኤን ኤ ማንሻ፣ የተሟላ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ጥቁር የፕላስቲክ ሻንጣ ነው። ከውጭ ገብቶ በአዲስ አበባ በኩል በትእዛዝ ጎንደር ይደርሳል። የሚገዙት በአብዛኛው አሠልጣኞችና የማስተማሪያ ቤተ ሙከራዎች ናቸው። ዋጋው ከዶላሩ ጋር ሲወጣ ሲወርድ ስለሚከርም እዚህ ቁጥር መጻፍ አይጠቅምም።

ፍርዱን ከወዲሁ እንናገር። ለአሻራ ሥልጠና ገንዘቡ የማይቆጭ ዕቃ ነው። ለንክኪ ዲ ኤን ኤ፣ ማለትም ነኪው ዕቃው ላይ ለሚተወው የሴል ቅሪት ግን በውስጡ ያሉት ጥጦች፣ ብሩሾችና ቱቦዎች እንዳሉ ከተሠራባቸው ማስረጃ ያበላሻሉ። ዋናው ጣጣ ሁለቱን በአንድ ሻንጣ ማጨቁ ነው። አንዱን ለማንሳት የሚደረገው ሥራ ሌላውን ሊያጠፋ ወይም ሊበክል ይችላል። አብሮ የሚመጣው መመሪያ ደግሞ ስለ ቅደም ተከተሉ አንድ መስመር አልጻፈም።

በነገራችን ላይ፣ ፒያሳ ሱቅ ከፍቶ ሌባ ልያዝበት ብሎ የሚገዛ ሰው ካለ ይተወው። ቤቱ ከተሰበረ በሩን ዘግቶ፣ ማንም ምንም እንዳይነካ አድርጎ ፖሊስ መጥራት ነው። ባለቤቱ ራሱ ዱቄት የነሰነሰበት ማስረጃ ፍርድ ቤት ሲደርስ «ማን አነሳው? በማን እጅ ቆየ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ሻንጣው ሲከፈት ጥቁር፣ ነጭና ማግኔታዊ ጥቁር ዱቄት በየብልቃጡ፣ ሁለት የፋይበርግላስ ብሩሽ፣ አንድ የማግኔት ዘንግ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ግልጽ የማንሻ ፕላስተር፣ ነጭና ጥቁር ካርዶች፣ ኒንሃይድሪን (ወረቀት ላይ ያለ አሻራ የሚያወጣ ፈሳሽ) በመርጫ ጠርሙስ፣ የቀለም ሰሌዳ ከአሥር ጣት ቅጽ ጋር፣ ማጉያ መነጽር፣ አጭር ማስመሪያ፣ ስዋብ (ናሙና ማንሻ ባለ እጀታ ጥጥ) ከነፕላስቲክ ቱቦው፣ አንድ ጠርሙስ ውሃና ጓንት ይገኛል። ማስክ የለውም። ጥቁሩ ዱቄት በአብዛኛው የካርቦን ብናኝ ስለሆነ አፍንጫና አፍ ሳይሸፍኑ መነስነስ ለሳንባ ደግ አይደለም፤ ማስኩን ከፋርማሲ ጨምሩበት።

ከዱቄቱ እንጀምር፤ የሻንጣው ጌጥ እሱ ነውና። በዓይን የማይታይ አሻራ ማለት የላብና የቅባት ቅሪት ነው። ከጣት የሚወጣው ላብ ከሞላ ጎደል ውሃ ነው። ውሃው ሲተን ጨውና አሚኖ አሲድ ይቀራል፤ ጣቱ ፊት ወይም ፀጉር ነክቶ ከነበረ ቅባትም ይጨመርበታል። ዱቄቱ የሚይዘው ይህን ነው። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ዳስሶ ብርጭቆ የያዘ ጣት ጥሩ አሻራ ይተዋል፤ ቅቤው ሲበዛ ግን በመስመሮቹ መሀል ያለው ክፍተት ይሞላና የሚወጣው ጥቁር ድፍን ነው። ወጥ የነካ ጣትም እንዲሁ። በጎንደር በጋ ደረቅ አየርና ፀሐይ መስኮት ላይ ያለ አሻራ ቶሎ ይደርቃል፣ የዱቄቱም አያያዝ በየቀኑ ይደክማል። በክረምት ደግሞ ዱቄቱ ራሱ እርጥበት ስቦ ይጓጉላል። ብልቃጡን ከፍቶ መተው አይገባም፤ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሻንጣው ውስጥ ጣል ማድረግ ይረዳል።

ይህ ሻንጣ ጥሩም መጥፎም ጎኑን የሚያሳየው የላሜራ በር ላይ ነው። የጎንደር የግቢ በር ዘይት ቀለም የተቀባ ላሜራ ከሆነና ቀለሙ ካልተላጠ ጥቁሩ ዱቄት ቆንጆ ይሠራል። መጀመሪያ የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ብርሃኑ በሩን ታክኮ እንዲሄድ ይያዛል፤ ፊት ለፊት ካበሩት አሻራው አይታይም። የታየው ሁሉ ዱቄት ሳይነካው ማስመሪያ አጠገቡ ተደርጎ፣ ካሜራው ቀጥ ብሎ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ከብልቃጡ የሻይ ማንኪያ ሩብ የምታህል ዱቄት ንጹሕ ወረቀት ላይ ይፈሳል። ብሩሹ ብልቃጥ ውስጥ አይገባም፤ ወረቀቱ ላይ የተረፈውም ወደ ብልቃጡ አይመለስም፣ ይጣላል። የብሩሹ ጫፍ ዱቄቱን ነካ ተደርጎ ይራገፋል፤ ከዚያ እጀታውን በጣቶች መሀል እያሽከረከሩ፣ ጫፉ ብቻ በሩን እየላሰ ያልፋል። መስመር ብቅ ሲል እጅ የመስመሩን አቅጣጫ ይከተላል። አብዛኛው ጀማሪ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። አሻራው ወጥቶም «ትንሽ ይጥቆር» ብሎ ይጨምራል፣ የብሩሹም ክር መስመሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ጠቆር ያለ ግራጫ ከሆነ በቂ ነው።

ከማንሳቱ በፊት ሁለተኛ ፎቶ ያስፈልጋል፤ ላሜራው ላይ በተለይ። ያረጀ ዘይት ቀለም ከፕላስተሩ ጋር ተልጦ ሲመጣ አሻራው ይሰነጣጠቃል፤ ያኔ የሚተርፈው ፎቶው ብቻ ነው። የፕላስተሩ አንድ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ መያዣ ይሠራለታል፤ ሌላው ጫፍ ከአሻራው ውጪ ይለጠፋል፤ ከዚያ በአውራ ጣት ወደ ፊት እየተገፋ ይተኛል፣ አየር እንዳይቋጥር። ሲላጥ አንድ ጊዜ፣ ሳያቆሙ። መሀል ላይ ቆም ካሉ አሻራውን የሚያቋርጥ ጭረት ይቀራል። ጥቁር ዱቄት ነጭ ካርድ ላይ፣ ነጭ ዱቄት ጥቁር ካርድ ላይ ይለጠፋል። የካርዱ ጀርባ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ዕቃው፣ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስትና የአንሺው ፊርማ ይጻፋል። የሻንጣው ካርዶች ለዚህ የታተመ ቦታ ስላላቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ፕላስተሩም አይሸበሸብም፣ ግልጽነቱም ጥሩ ነው።

መመሪያው «ለማንኛውም የዕቃ ገጽ» የሚለው ማግኔታዊ ዱቄት ግን ለላሜራ በር አይሆንም። ዱቄቱ ውስጥ የብረት ቅንጣት አለ። ዘንጉ ስቦ ይይዘዋል፣ ጫፉ ላይ እንደ ጺም ተንጠልጥሎ አሻራውን የሚነካው ዱቄቱ ብቻ ይሆናል፤ ክር ስለሌለው መስመር አይፍቅም። ፕላስቲክ፣ የሚያብረቀርቅ ካርቶን፣ የባጃጅ የውስጥ ፕላስቲክ ላይ ከሦስቱ ዱቄቶች ይህን የሚበልጥ የለም። ብረት ላይ ሲሆን ግን ዘንጉ ራሱ በሩ ላይ ልጥፍ ይላል፣ ዱቄቱም አሻራ ያለበትንና የሌለበትን ሳይለይ ይበተናል። መመሪያውን የጻፈው ሰው ብረት በር ላይ ሞክሮት አያውቅም።

ሌሎቹን ገጾች በአጭሩ እንለፋቸው። ሲኒና ብርሌ ለሥልጠና እጅግ ምቹ ናቸው። ጥላሸት የጠጣ ጀበና፣ ያልተላገ እንጨትና እንደ ፋሲል ግንብ ያለ ሸካራ ድንጋይ ላይ ዱቄት ማባከን አያስፈልግም። ከማቀዝቀዣ የወጣ የዳሽን ጠርሙስ ላቡ ሳይደርቅ ዱቄት ከነካው ጭቃ ይሆናል። በአፉ ጠርዝና በቂጡ ተይዞ ጥላ ውስጥ ራሱ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ አይጠረግም፣ ፀሐይ ላይም አይሰጣም። ዝናብ የመታውና መድረቅ የማይችል ገጽ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የተባለ ዱቄት የተበጠበጠበት ፈሳሽ ይፈልጋል። ያ ሻንጣው ውስጥ የለም፤ ክረምቱ እንደ ጎንደር ለሚከብድበት አገር ትልቅ ጉድለት ነው።

አሁን ወደ ጥጡ እንምጣ።

የነኩት ዕቃ ላይ ዲ ኤን ኤ እንደሚቀር በኔቸር መጽሔት ታትሞ የታወቀው በ1997 ነው (ዓመታቱ እዚህም ከዚህ በታችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ሥራው የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ነበር። መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው። አንድ የሰው ሴል 6 ፒኮግራም ያህል ዲ ኤን ኤ ይይዛል፤ ስለዚህ አንድ ናኖግራም (1,000 ፒኮግራም) ለመሙላት 170 ገደማ ሴል ይጠይቃል። የዛሬ ላቦራቶሪዎች ከዚያም ባነሰ ይሠራሉ፣ ግን መሣሪያው ይህን ያህል ከረቀቀ የብሩሹን፣ የጓንቱንና የአንሺውን ምራቅ ጭምር ያነባል ማለት ነው። በ2005 እዚያው አውስትራሊያ የአሻራ ብሩሽ ዲ ኤን ኤ ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላው ሊያሻግር እንደሚችል ተጽፎ ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። ይህ ሻንጣ ደግሞ ለዓመት የሚበቃ ዱቄትና ሁለት ብሩሽ ይሰጣል። ዛሬ አዘዞ ሰፈር፣ ነገ ማራኪ ሰፈር በአንድ ብሩሽ የሠራ ሰው የአዘዞውን ሰው ማራኪ ሊወስደው ይችላል። ለአሻራ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም፤ የመስመር ቅርጽ በብሩሽ አይሻገርም። ዲ ኤን ኤ ከተፈለገ ለእያንዳንዱ ሥፍራ አዲስ ብሩሽ ነው፤ ዱቄቱም ከላይ እንደተባለው በወረቀት እየተቀነሰ።

ስዋቦቹ ማሸጊያቸው ላይ «ስቴራይል» ይላል። ስቴራይል ማለት ሕያው ጀርም የለበትም ማለት ነው፤ ሙት ሴል፣ ከነዲ ኤን ኤው፣ ተቀምጦበት ስቴራይል ሊባል ይችላል። ጀርመን ላይ የደረሰው ለዚህ ይበቃል። አንዲት ሴት በ40 ያህል የወንጀል ሥፍራዎች፣ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ዲ ኤን ኤዋ ተገኘ ተብሎ ለዓመታት ስትፈለግ ቆይታ፣ በ2009 ዲ ኤን ኤው ስዋቡ ሲመረት የነካችው የአንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በ2016 አይ ኤስ ኦ 18385 የተባለው፣ ለፎረንሲክ የሚውሉ ጥጥና ቱቦዎች ከሰው ዲ ኤን ኤ ብክለት የሚጠበቁበት መስፈርት ወጣ። በዚህ ሻንጣ ስዋብ ላይ ይህ ቁጥር አይታይም። ስለዚህ እነዚህን ጥጦች እጅ ለማለማመድ ተጠቀሙባቸው፤ ለእውነተኛ ናሙና መስፈርቱ የተጻፈበትን ለብቻ አዝዙ።

ቱቦው ሁለተኛው ጥፋት ነው፤ አየር አያስገባም። እርጥብ ጥጥ ታሽጎ ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ፣ መንገድ ላይም ሲያድር፣ ባክቴሪያና ሻጋታ ያቺን ጥቂት ሴል ይበሏታል። ጥጡ ንጹሕ ቦታ ላይ ቆሞ በጥላ መድረቅ አለበት፤ ከዚያ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ይገባል። ፖስታው በምላስ አይታሸግም! ይህን መጻፍ የሚያስፈልግ አይመስልም ነበር፤ ያስፈልጋል።

አንድ ጠርሙስ ውሃ ለሁሉም መስጠታቸውም ስህተት ነው። አንዴ የተከፈተ ውሃ ቀጥሎ ለሚነሳው ሁሉ ተጠርጣሪ ይሆናል። የአንድ ጊዜ መርፌ ውሃ አምፑል ከፋርማሲ ማግኘት አይቸግርም። አሠራሩ ይህ ነው፤ ጥጡ በአንድ ሁለት ጠብታ ይርሳል፣ እስኪንጠባጠብ አይነከርም። ገጹ ላይ ጫን ብሎ፣ ጥጡን እያሽከረከሩ፣ ጠበብ ያለ ቦታ ይታሻል። ከዚያ ደረቅ ሁለተኛ ጥጥ በዚያው ላይ ይደገማል፣ የመጀመሪያው ያራሰውን እንዲለቅም። ሁለቱም አንድ ናሙና ናቸው። በዚያው ውሃ የራሰ ምንም ያልነካ ጥጥ ለብቻው ታሽጎ አብሮ ይላካል፤ ብክለት ቢኖር በእሱ ይታወቃል። ጓንት በየዕቃው ይቀየራል፣ ማስክ አይወልቅም፣ ናሙና ላይ ቆሞ ወሬ የለም። ቤቱን በሥርዓት የነኩ ሰዎች፣ ባለቤቱ፣ ሠራተኛው፣ ናሙና አንሺው ራሱ፣ ለማነጻጸሪያ ናሙና መስጠት አለባቸው።

ቅደም ተከተሉን ለማሳየት ከአረቄ መለኪያ የተሻለ ዕቃ የለም። ጠርዙን ከንፈር ነክቶታል፤ ምራቅ ከጣት ንክኪ ይልቅ እጅግ ብዙ ሴል ስላለው ለስዋብ እሱ ይሻላል። ሆዱን ጣት ይዞታል፤ ለስላሳ ብርጭቆ ነው፣ ለዱቄት የተሠራ ይመስላል። መጀመሪያ ብርሃን፣ ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ ጠርዙ በስዋብ፣ በመጨረሻ ሆዱ በዱቄት። ተገላብጦ ከተሠራ ብሩሹ ያመጣው ሁሉ ጠርዙ ላይ ያርፋል። ስዋቡ ሲሠራም ጓንት ያደረገ ጣት ሆዱን አቅፎ መያዝ የለበትም፤ ጓንት በአብዛኛው አሻራ አይተውም እንጂ ያለውን አሻራ ይደመስሳል። መለኪያው በቂጡ ይያዝ።

ጓጉንቸር ቁልፍ ሌላ ነው። ትንሽ፣ ክብ፣ ሁልጊዜ የሚታሽ ስለሆነ ከሱ ላይ የሚወጣው አሻራ ብዙ ጊዜ የተድበሰበሰ ነው፤ በብርሃን ሲታይ ጥርት ያለ መስመር ከሌለ ዱቄቱን ትቶ በስዋብ መሄድ ነው። የቢላ ሸካራ እጀታም እንዲሁ። በጥምቀት ሰሞን የሆቴል በር እጀታ ላይ ግን ስዋብም አያዋጣም፤ የብዙ ሰው ዲ ኤን ኤ ተደራርቦ ላቦራቶሪው ማንን ከማን እንደሚለይ ይቸገራል። የብር ኖት ላይም ተመሳሳይ ነው።

ኒንሃይድሪኑ ለወረቀት ነው፤ ውል፣ ፖስታ፣ የጠርሙስ ወረቀት። ከላቡ አሚኖ አሲድ ጋር ተዋህዶ ወይን ጠጅ ቀለም ይሰጣል፤ ለአሻራ እንዲውል ሐሳቡ የቀረበው በ1954 ስዊድን ውስጥ ነው። የሻንጣው መርጫ ጠብታው ትልቅ ስለሆነ ወረቀቱን ያዥጎረጉራል፤ ፈሳሹን ጠፍጣፋ ትሪ ላይ አፍስሶ ወረቀቱን በመቆንጠጫ ነከር አድርጎ ማውጣት ይሻላል። ከመነከሩ በፊት ሰነዱ ፎቶ ይነሳ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ሊሟሟ ይችላል። የኤ ቲ ኤም ደረሰኝ ላይ እንዳትሞክሩት፤ በሙቀት የሚታተም ወረቀት አልኮል ወይም አሴቶን ያለበት ፈሳሽ ሲነካው ይጠቁራል። ፈሳሹ እሳት ይወዳል፤ ከሰል ወይም ምድጃ ባለበት ክፍል አይከፈትም። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ ፈዞ ይወጣል። ወረቀቱ ደርቆ፣ እርጥብ ጨርቅ ያለበት ካርቶን ውስጥ ጨርቁን ሳይነካ፣ ጨለማ ላይ አንድ ሁለት ቀን ይቆይ። ቸኩሎ ካውያ የሚያሳርፍ ሰው ወረቀቱን ያገኘዋል፣ አሻራውን አያገኘውም።

የቀለም ሰሌዳው ደህና ነው። ጣት ከጥፍር ዳር እስከ ጥፍር ዳር ይንከባለላል፤ አውራ ጣት ወደ ሰውነት፣ ሌሎቹ ከሰውነት ወደ ውጪ። እጃቸው በግንባታና በእርሻ የተላጠ ሰዎች፣ ለፋይዳ ሲመዘገቡ ማሽኑ የሚያስቸግራቸው ዓይነት፣ ትንሽ ቅባት ተቀብተው በደንብ ከተጠረገላቸው በኋላ ቀለሙ ሳሳ ብሎ ሲቀባ መስመራቸው ይወጣል።

መመሪያው መጨረሻ ገጽ ላይ «መቶ በመቶ ማረጋገጫ» ይላል። ይህ ገጽ ተቀዶ ቢጣል ጥሩ ነው። በ2004 ከማድሪዱ የባቡር ፍንዳታ ጋር በተያያዘ ኤፍ ቢ አይ የአንድ አሜሪካዊ ጠበቃ አሻራ ነው ያለው፣ በስፔን ፖሊስ ምርመራ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኝቶ ይቅርታ ተጠይቋል። በ2011 በታተመ ጥናት 169 መርማሪዎች ተፈትነው፣ የተለያዩ ሰዎችን አሻራ «አንድ ነው» ያሉበት ስህተት 0.1 በመቶ፣ የአንድን ሰው አሻራ «የተለያየ ነው» ያሉበት 7.5 በመቶ ነበር። ጥሩ ውጤት ነው፣ ዜሮ ግን አይደለም። አሻራ ሰውየው ነክቷል ይላል፤ መቼ እንደነካ አይናገርም። የንክኪ ዲ ኤን ኤ ይህንንም በእርግጠኝነት አይልም። በ2012 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰክሮ ሆስፒታል የተኛ ሰው ዲ ኤን ኤ በተገደለ ሰው ጥፍር ላይ ተገኝቶ ታስሯል፤ ያሻገሩት ሁለቱንም በአንድ ሌሊት የረዱ የአምቡላንስ ሠራተኞች ነበሩ። የላቦራቶሪ ወረቀት ሌባሻይ አይደለም፤ የገባበት ቤት ሁሉ የሌባ ቤት አይሆንም።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሻንጣውን ያስከፍት። የኒንሃይድሪኑን የማብቂያ ቀን ይይ፤ ፈሳሹ ገና ከጠርሙሱ ወይን ጠጅ ከሆነ ተበክሏል። የብሩሹን ክር በጣት ጫፍ ነካ ያድርገው፤ ከተሰባበረ ወይም ቅባት ካለው ያስቀይር። ትርፍ ፕላስተር አብሮ ይዘዝ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ለላሜራ በር ከማግኔቱ ይልቅ ተጨማሪ ጥቁር ዱቄት ይጠይቅ። የፕላስቲክ ቱቦዎቹን ሻጩ በወረቀት ፖስታ ቀይሮ ዋጋ ከቀነሰለት ደግሞ ሳያመነታ ይቀበል።